ማዕድ ሰባ አራት

የካፌው በር አራት ሰው አያስገባም። አምስት ሆነን ካልቆምን አይከፈትም፤ ስለዚህ በየጠዋቱ በሩ ፊት ለፊት ቆመን አንዷን እንጠብቃለን። አብዛኛውን ጊዜ የምትጠበቀው ዘቢደር ናት። ዘቢደር ጫማዋን ስትፈልግ የአራት ሰው ቁርስ ይበርዳል። ከኋላችን የተሰለፉት "ኧረ ሰባ አራቶች፣ ልጃችሁን አምጡ!" እያሉ ይጮሃሉ፤ እኛም ዞረን እንሳደባለን። ዘቢደር ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ እየሮጠች ትደርሳለች፤ አምስታችንም እጃችንን ዘርግተን ግቢው ያሰረልንን አምባር እናሳያለን፤ በሩ ይከፈታል። ከዚያ ዳቦና ሻይ ነው።

ማዕድ የምንለው ይህን አምስትነት ነው። የግቢው ደንብ አጭር ነው፤ አምስት ተማሪ፣ አንድ ዶርም፣ አንድ ገበታ፣ አንድ ውጤት። የማዕዱ ውጤት ደግሞ የዝቅተኛዋ ውጤት ነው። አራታችን ዘጠና አምጥተን አንዷ አርባ ካመጣች አምስታችንም አርባ አመጣን ማለት ነው። በአያቶቻችን ዘመን አንድ ለአምስት የሚባል አደረጃጀት እንደነበረ፣ አንድ ቸካይ ሲሠራ አራቱ ስማቸውን ብቻ እያስገቡ ይመረቁ እንደነበረ መምህራን እየሳቁ ይነግሩናል። ያ ነገር በእኛ ጊዜ ቀረ ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አሁን ስም አይገባም፤ የሚገባው ሰው ነው።

ኑሮው ይለመዳል። አንዷን ካመማት አምስታችንም ክሊኒክ እንቀመጣለን። ነጂማ ስትጾም ምሳ ሰዓት ላይ እጇን አጣጥፋ መሃላችን ትቀመጣለች፤ እኛ እንበላለን። ስታፈጥር ደግሞ እኛ ጠግበን እንቀመጥላታለን። ለለቅሶና ለበዓል ካልሆነ በቀር ከግቢ ብቻ መውጣት ስለማይቻል ሲፈን ከፍቅረኛዋ ጋር ሻይ ስትጠጣ እኛ አራታችን ሌላ ጠረጴዛ ይዘን ግድግዳ እናያለን። ልጁም ከነማዕዱ ነው የሚመጣው። አንድ የፍቅር ቀጠሮ አሥር ብርጭቆ ሻይ ይጠይቃል። ሲጣሉም አሥራችን እናኮርፋለን።

የማይቻል ሲሆን መውጫ አለው። በየዓመቱ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ መጨረሻ የማንሻ መስኮት ይከፈታል። አራቱ ከተስማሙ አምስተኛዋን ከማዕድ ያነሷታል። ስብሰባ የለም፣ ምክንያት አይጠየቅም፤ አምባር ላይ ስሟን መንካት ብቻ ነው። የተነሳችው ዕቃዋን ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ በዓመቱ ማመልከት ትችላለች። ሚያዝያ አልቆ መስኮቱ ሲዘጋ ግን ሰኔ ላይ እስከሚሰጠው ፈተና ድረስ ማንም ማንንም ማንሳት አይችልም። ይህን የመጨረሻውን ነገር ተማሪዎች ብዙም አያስቡትም። እኔ አስቤበታለሁ።

እኔን አንስተውኛል። ትርንጎ እባላለሁ፤ የመርሳ ልጅ ነኝ፤ ቂመኛ ነኝ። ቂመኛ መሆኔን የምናገረው አፍሬበት አይደለም። ሰው የትውልድ አገሩን እንደሚናገረው ነው።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበርን። ጥር ወር ውስጥ አባቴ ሞተና ወደ መርሳ ሄድኩ። ማዕድ ለቅሶ ሲሄድ ግቢው አውቶቡስ ይሰጣል፤ አራቱም በሦስተኛው ቀን ደረሱ። ሲፈን ድንኳኑ በር ላይ ስትደርስ ጮኸች። ነጂማ የእናቴን ጉልበት ይዛ ተቀመጠች። ዘቢደር ንፍሮ ትቆረጥማለች። ኤፍራታ ግን አለቀሰች፤ ከዘመዶቻችን በላይ አለቀሰች። ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ጓደኛዬ እሷ ነበረች። ለጥምቀት ቤታችን ወስጃት አባቴ "ይቺኛዋም ልጄ ናት" ብሎ ለጎረቤት አሳይቷታል። አጠገቤ ተቀመጠች፤ ጭንቅላቴን ትከሻዋ ላይ አሳረፍኩ፤ ጀርባዬን ታሻሸኝ ጀመር።

አምባሬ ነዘረኝ። "ከማዕድ ሰባ አራት ተነስተሻል። አራት ድምፅ። የዶርም ዕቃሽን በሁለት ቀን ውስጥ ውሰጂ" ይላል።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ሲፈን ምንጣፉን ታያለች። ነጂማ ዓይኗን ጨፍናለች። ሦስቱ እጃቸውን ነጠላቸው ሥር ከትተዋል። የኤፍራታ አንድ እጅ ነጠላዋ ሥር፣ ሌላው ጀርባዬ ላይ ነበር። ማሻሸቱን አላቆመችም።

"አይዞሽ" አለችኝ።

እናቴ ፊቴ ሲለዋወጥ አይታ "ምንድን ነው ልጄ?" አለችኝ።

"ከግቢ ነው እማዬ" አልኳት። "ሊያጽናኑኝ ነው።"

ምክንያቱን ማንም ሳይነግረኝ አውቄዋለሁ። በለቅሶው ምክንያት የሚድ ፈተና አምልጦኝ ነበር፤ ዝቅተኛዋ እኔ ልሆን ነው፤ ከዚያ ሳምንት ካለፈ ውጤቱ ተመዝግቦ አምስታችንም ላይ ይቆጠራል። ይህ ሁሉ ይገባኛል። የማይገባኝ ምሳ በልተው መሄዳቸው ነው። እናቴ የመንገድ ዳቦ ቆሎ ቋጠረችላቸው። ኤፍራታ ተቀብላ ጉንጯን ሳመቻት። ሰው እንጀራዬን ሲነጥቀኝ ልታገሥ እችላለሁ፤ የሐዘንተኛ እናቴን ስንቅ በብብቱ ይዞ ሲሄድ ግን አልችልም። እዚያው ድንኳን ውስጥ ቂም ቋጠርኩ፤ ሳልቸኩል፣ አጥብቄ።

ከዚያ አዋሽ ደረቀ። ግቢው በውኃ እጦት ለአንድ ዓመት ተዘጋና ሁሉም ተማሪ ወደየቤቱ ተበተነ። ድርቁ ለሀገር መዓት ነበር፤ ለእኔ ግን ፈረደልኝ። ሲከፈት የእኔም ዓመት ሞልቶ ስለነበር አመለከትኩ። የተመለሰች ተማሪ የምትመደበው ክፍት ወንበር ባለበት ማዕድ ነው። በእኛ የውኃ አስተዳደር ክፍል አንድ ክፍት ወንበር ብቻ ነበር። የራሴ ወንበር።

ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስደርስ አራቱ የካፌው በር ላይ ቆመዋል። አምስተኛ ስለሌላቸው የሚበሉት በጎን መስኮት የሚሰጠውን ደረቅ ብስኩት ነበር። መጀመሪያ ያየችኝ ዘቢደር ናት፤ ብስኩቱ ከእጇ ወደቀ። ኤፍራታ ሮጣ አቀፈችኝ።

"ትርንጌ! በእመቤቴ! አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ያኔ እኮ..." አለች ሲፈን፤ "ያኔ ተገደን ነው። ታውቂዋለሽ አይደል?"

"ያለፈ አለፈ" አልኩና ጥርሴን አሳየኋቸው። እጃችንን ዘረጋን፤ በሩ ተከፈተ። አራቱም እንደ ተራበ ሰው በሉ፤ እኔ ዝም ብዬ አየኋቸው።

አንዷን ብቻ መበቀል ብፈልግ ቀላል ነበር። ሦስቱን አባብዬ አራተኛዋን ማስነሳት ነው። ግን የነኩት አራቱም ናቸው፤ አራቱን ደግሞ ለማንሳት ደንቡ አይፈቅድም። ስለዚህ ጠበቅኩ። ስጠብቅ ደግሞ ዝም ብዬ አልጠበቅኩም፤ የማዕዱ ቸካይ ሆንኩ። ነጂማን ስሌት አስጠናሁ። ዘቢደርን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ ላይብረሪ ጎተትኩ። የሲፈንን አሳይመንት አረምኩ። ኤፍራታ ከሁላቸውም ጎበዝ ስለነበረች ከእሷ ጋር እየተፎካከርኩ አጠናሁ። በግቢው ከፍተኛው ውጤት የእኛ ሆነ። ማንሻው በተከፈተ ቁጥር ሌሎች ማዕዶች እየተጠራጠሩ ሲተያዩ እኛ እንሳሳቅ ነበር። ያለ እኔ የትም እንደማይደርሱ ያውቃሉ። ይህን እንዲያውቁ ሁለት ዓመት ሙሉ ለፍቻለሁ።

እንዲህ እያልን ጂሲ፣ ተመራቂ ክፍል፣ ሆንን። ሥራ ምደባ ቀድሞ ወጣ። የመውጫ ፈተናውን ካለፈች ኤፍራታ ሐዋሳ፣ የሐይቁ ውኃ ጥበቃ ውስጥ ትገባለች፤ በክፍላችን ሁሉም የሚመኘው ቦታ ነው። እኔ ኮምቦልቻ ደረሰኝ፤ ከእናቴ ብዙም አልርቅም። እናቴ ለምርቃቴ ቀሚስ አሰፍታ፣ በግ አስይዛ፣ ለዕድሩ ሰው ሁሉ ተናግራ ጨርሳለች። ደንቡ የወደቀ ማዕድ ምደባው ይሰረዝበታል ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ መድገም ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ በር የለም።

ሚያዝያ አለቀ። የማንሻው መስኮት የተዘጋ ዕለት ምሳ ላይ ምስር ነበር። ሁሉም እንደ ልማዳቸው ያወራሉ።

"መስኮቱ ዛሬ ተዘጋ አይደል?" አልኩ።

"እንኳን ተዘጋ!" አለች ዘቢደር አፏን ሞልታ። "እንግዲህ እስከ ሰኔ አብረን ነን።"

"አዎ" አልኩ። "አብረን ነን።"

በሳምንቱ የሞዴል ፈተና ተፈተንን። ሞዴል ማለት መለማመጃ ነው፤ ውጤቱ አይያዝም፤ ግን ካፌው ግድግዳ ላይ ይወጣል። እኔ የፈተናውን ሰሌዳ ከፍቼ፣ ስሜን ጽፌ፣ አንድም ጥያቄ ሳልነካ መለስኩ። በማግሥቱ ግድግዳው ላይ "ማዕድ ሰባ አራት፦ ዜሮ" ተባለ። ከሥሩ የእያንዳንዳችን ውጤት ነበር። የአራቱ ጥሩ ነው። የእኔ ባዶ።

መጀመሪያ ሳቁ። ዘቢደር "ምነው ትርንጌ፣ ተኝተሽ ነበር እንዴ?" አለችኝ። ሻዬን ጠጣሁ። ሳቁ ከአንዷ ፊት ወደ ሌላዋ እየዞረ ጠፋ። ነጂማ ናት ቀድማ የገባት፤ እጇ ላይ የነበረውን ዳቦ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ኤፍራታ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ያኔ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ንግሥት ሆንኩ። ዘቢደር፣ ሥጋ ባየች ቁጥር ሃይማኖቷን የምትረሳዋ ዘቢደር፣ የቅዳሜ ጥብሷን ወደ እኔ ትገፋልኝ ጀመር። ሲፈን ልብሴን ሰርቃ አጥባ፣ አጣጥፋ አልጋዬ ላይ ታስቀምጣለች። ነጂማ በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋዋን ለቀቀችልኝ፤ ነፋስ ይገባበታል ብላ። ስስል አራት ሰው ውኃ ይዞ ይነሳል። የካፌው በር ላይ አሁን የምትጠበቀው እኔ ሆንኩ፤ ሆን ብዬ እዘገያለሁ፤ ማንም "ቶሎ በይ" አይለኝም። አንድ ቀን ጫማዬን ሳላስር ወጣሁና ሲፈን ተንበርክካ አሰረችልኝ። ከኋላችን የተሰለፉት ሁሉ አዩ። እኔም እንዲያዩ ቀስ አልኩ።

ስለ ፈተናው ግን አንድም ቃል አልተነፈስኩም። "ልጥላችሁ ነው" አላልኩም፤ "አልጥላችሁም" አላልኩም። በፊት ላይብረሪ ውስጥ ሲያጠኑ የነበሩት ልጆች አሁን ፊቴን ነው የሚያጠኑት።

ሽማግሌ ላኩብኝ። የሕንፃችን ፕሮክተር እትዬ አልጋነሽ ከሌላ ማዕድ ሁለት ጨዋ የተባሉ ጂሲዎችን አስከትለው ዶርማችን ገቡ። አራቱ ተሰልፈው ቆሙ። እትዬ አልጋነሽ አልጋ ላይ ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ትርንጎ፣ ልጄ፣ አጥፍተዋል። አላጠፉም ልል አልመጣሁም። ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነውር ሲሠራ እኔም ሰምቼ አላውቅም።"

"አዎ እትዬ።"

"ግን ሰው ነው፣ ይሳሳታል። ይኸው አጥፍተናል ብለው መጥተዋል። ኑ እስቲ እናንተ፣ ምን ትገተራላችሁ?"

አራቱም እግሬ ላይ ወደቁ። ሲፈን ታለቅሳለች። ነጂማ "ለአላህ ብለሽ" ትላለች። ኤፍራታ ቁርጭምጭሚቴን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯን ጫማዬ ላይ አደረገች። እንዲህ ሲሆን የሚባለው ይታወቃል። የተበደለው ሰው "ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ" ይላል፤ ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ፤ ሁሉም ይሳሳማል። እትዬ አልጋነሽ ምርቃታቸውን አዘጋጅተው እጃቸውን ዘርግተው ነበር።

"እትዬ፣ ስለ ደከማችሁልኝ አመሰግናለሁ" አልኩ። "አስብበታለሁ።"

"አስብበታለሁ?" የተዘረጋው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። "ሽማግሌ ፊት? ሰው እግርሽ ላይ ወድቆ?"

"አዎ።"

"ወይ ጉድ!" አሉና ተነሡ። "እኔ እዚህ ግቢ ስንቱን አሳልፌያለሁ፤ እንዲህ ዓይነት ልብ አይቼ አላውቅም።" በሩ ላይ ሲደርሱ ዞረው፣ ወለሉ ላይ የቀሩትን አራቱን "ተነሡ በቃ፣ ልብሳችሁ ቆሸሸ" አሏቸው።

ለፈተናው ጥቂት ቀን ሲቀረው ኤፍራታ ማበጠሪያ ይዛ መጣች። "ሹሩባ ልሥራሽ?" አለችኝ። አንደኛ ዓመት ላይ በየእሑዱ ትሠራኝ ነበር። መሬት ላይ በጉልበቷ መሃል ተቀመጥኩ። ፈለጉን ስታወጣ ሁለቴ አበላሸችው።

"ትርንጌ፣ ምን ልታደርጊ ነው?"

ጭኔ ላይ የወደቀ ፀጉር አነሳሁ።

"አንድ ነገር በይኝ። ስድብም ቢሆን ይሻለኛል።"

"አታጥብቂው፤ ያመኛል።"

አላልታ አንድ ጉንጉን ጨረሰች። ከዚያ በቀስታ ማውራት ጀመረች። "ሦስቱ ቀድመው ነክተው ነበር። የእኔ ብቻ ነበር የቀረው። እምቢ ካልኩ እኔን እንደሚያነሱኝ ሲፈን አውቶቡስ ውስጥ ነገረችኝ። እስከ ድንኳኑ ድረስ አልነካሁም። አባትሽ ስለተናገሩኝ ነገር እያሰብኩ... በመጨረሻ ነካሁት።"

"ጀርባዬን እያሻሸሽ።"

"ጀርባሽን እያሻሸሁ።" ማበጠሪያውን አስቀመጠች። "እሺ። ከዚህ በላይ ምን ልሁንልሽ? እግርሽ ላይ ወድቄያለሁ። ሽማግሌ ልኬያለሁ። ሌሊት አልተኛም፣ ቀን አላጠናም። ሂጂ ጥፊ ካልሽኝ እጠፋለሁ። አዎ ወይም አይ በይኝ ብቻ።"

አንድ ቃል ነበር የፈለገችው። ነበረኝ ቃሉ። ግን እዚያ ተቀምጬ፣ ትንፋሿን ማጅራቴ ላይ እየሰማሁ፣ ዝምታዬ እንደ ማር ጣፈጠኝ። ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ለዚህ ነበር። ገና ጠግቤም አልነበረም።

"ቆንጆ አድርገሽ ጨርሺው" አልኳት።

"ስለዚህ አትነግሪኝም።"

"ኧረ ጨርሺው ኤፍራታ፤ እግሬ ደነዘዘ።"

ጨረሰችው። አሁን አንዴም አላበላሸችም። ፈለጉ እንደ መስመር ቀጥ አለ፤ ጫፉን አስራ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝና ተነሣች። ተስፋ ቆርጣ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በፈተናው ቀን በአዳራሹ ውስጥ ማዕዶች በረድፍ ተቀመጥን። ኤፍራታ ከፊቴ ነበረች። የገባሁት ባዶ ልሰጥ ነው፤ ይህን ከማንም አልደብቅም። እናቴን ረስቼ፣ በጉን ረስቼ፣ ኮምቦልቻን ረስቼ ነበር። ሰሌዳውን ከፈትኩና ስሜን ጻፍኩ። ከዚያ የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩት።

ቀላል ነበር። የከርሰ ምድር ውኃ ስሌት፤ ለነጂማ እስኪሰለቸኝ ያስረዳኋት። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ባዶ ትቼ መውጣት ለቸካይ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ቸካይ ያልሆነ አያውቀውም። አንዱን ብቻ ልመልስ አልኩ። ሁለተኛውም ቀላል ሆነ። ሦስተኛው ላይ አንድ ወጥመድ ነበረው፤ ወጥመዱን አይቼ ሳቅሁ፤ ሠራሁት። በቃ፣ እጄ ሄደ። ይቅር ብያቸው አይደለም። ዕውቀቴ አሳዘነኝ፤ ለእነሱ ሲባል ባዶ ሆኖ መቅረቱ አንገበገበኝ። ደግሞም አሰብኩ፤ ባለፍንም እንኳ ውጤቱ እስኪወጣ ድረስ አያውቁም። ይሰቃዩ። በመጨረሻ ሲያልፉ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን የእኔ ምጽዋት ይዘው ይኑሩ። ይህ ከመጀመሪያው ሐሳብ የተሻለ ሆኖ ታየኝ።

ቀና ስል ኤፍራታ ዞራ እያየችኝ ነበር። እጇን ሰሌዳዋ ላይ አጣጥፋለች። ከሰሌዳዬ ጀርባ ስለሆነች የምጽፈውን አታይም። ጨርሳ የምትጸልይ መሰለኝ። እንዳታውቅ ብዬ ብዕሬን አስቀምጬ ጣሪያ አየሁ። ፈገግ አለችልኝ፤ ከዚያ ተነሥታ ወጣች።

ውጤቱ የወጣ ቀን ካፌው በር ላይ ግቢው ሁሉ ተሰብስቧል። በዚያ ቀን ብቻ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው። ግድግዳው በራ። "ማዕድ ሰባ አራት፦ ዜሮ። ወድቋል።"

ሲፈን ያዘችኝ። አንገቴ ላይ ነው የያዘችኝ። "አንቺ እባብ! አንቺ ሰይጣን! ጫማሽን አስሬልሽ! ልብስሽን አጥቤልሽ!" እያለች ነቀነቀችኝ። ዘቢደር ልታላቅቀን ስትሞክር ነጂማ ግድግዳውን እያየች "ቆዩ" አለች። "ቆዩ እስቲ። ታች አንብቡ።"

ታች የእያንዳንዳችን ውጤት ነበር። ሲፈን ሰባ አንድ። ነጂማ ሰባ ስምንት። ዘቢደር ስልሳ ስድስት። ትርንጎ ዘጠና አራት።

ኤፍራታ ዜሮ።

የሲፈን እጅ ከአንገቴ ላይ ላላ። ሁላችንም ወደ ኤፍራታ ዞርን። ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ግድግዳውን ታያለች፤ አፏ ተከፍቷል። የእሷን ዜሮ አይደለም የምታየው። የእኔን ዘጠና አራት ነው።

"አንቺ ነሽ?" አለች ሲፈን። "ኤፍራታ፣ አንቺ? ለምን?"

"ልትጥለን ነበር" አለች ኤፍራታ። ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። "አይደል? ልትጥዪን ነበር። ሞዴሉን ባዶ ሰጠሽ። ሽማግሌ መለስሽ። አንቺ ከምትጥዪኝ እኔው ልጣልሽ ብዬ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ... አንድ ጊዜ እንኳ ደስታሽን ልቀማሽ ብዬ።" ወደ ግድግዳው ጠቆመች። "ለምን ጻፍሽ?"

እንደ በደልኳት ነበር የጠየቀችኝ።

"ቀላል ነበር" አልኳት።

ነጂማ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ዘቢደር ሳቅ ይሁን ለቅሶ የማይታወቅ ድምፅ አወጣች። እኔ እናቴ ትዝ አለችኝና ሆድ ባሰኝ። አምባሬ ሲነዝር ጥሪዋ መሆኑን አውቄ አላነሳሁም፤ ከጀርባዋ በጉ ሲጮህ እንዳልሰማ ፈራሁ። ግን ሁሉንም ልናገር ካልኩ ይኸኛውንም መናገር አለብኝ፤ የኤፍራታን ፊት እያየሁ፣ ሐዋሳዋ ከእጇ ሲያመልጥ፣ በራሷ እጅ ያጠፋችው መሆኑ ሲገባት እያየሁ፣ አንጀቴ ራሰ። ኮምቦልቻዬም አብሮ ሄዷል። ቢሆንም ራሰ።

ሬጅስትራር ቢሮ አንድ በአንድ አስገቡን። ምርጫው ሁለት ነበር፤ ወይ ከሌላ ግቢ ጋር ተቀላቅሎ መድገም፣ ወይ እዚሁ በያዙት ማዕድ መድገም። ሲፈን ጅማን መረጠች። ነጂማና ዘቢደር ተያይዘው ድሬዳዋ ሄዱ፤ ሲወጡ አልተሰናበቱንም። እኔ ስገባ ጸሐፊዋ ሰሌዳውን እያየች "አንቺስ እህቴ? ከዚህ ግቢ ብትርቂ አይሻልሽም?" አለችኝ።

"ኤፍራታ ምን መረጠች?" አልኳት።

"ይህን መናገር አይፈቀድልኝም።" ፊቴን አየችና በሐዘኔታ ተነፈሰች። "እዚሁ ናት።"

"እንግዲያው እኔም እዚሁ ነኝ።"

መስከረም ላይ ከፈረሱ ማዕዶች የተሰበሰቡ ሦስት ልጆች ደረሱን። ሁለቱ የሐረር ናቸው፤ ትንሿ ቤተልሔም የምትባል የወልቂጤ ልጅ ናት፤ ሦስቱም ሰው ይፈራሉ። ሻንጣቸውን ለማውረድ እኔና ኤፍራታ እኩል ደረስን። አልጋ አነጠፍንላቸው። እኔ ስሌት እንደማስጠናቸው ቃል ገባሁ፤ ኤፍራታ ሹሩባ ልትሠራቸው ቃል ገባች። በሩ ላይ አምስታችን እጃችንን ዘረጋን፤ ተከፈተ። ሽሮ ነበር።

"እናንተ ግን ትተዋወቃላችሁ?" አለች ቤተልሔም፣ ከእኔ ወደ ኤፍራታ እያየች።

"እህቴ ናት" አለች ኤፍራታ። "ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ አልተለያየንም።"

"ታድላችሁ!" አለች ልጅቷ። "እኛ እኮ ያለፈው ማዕዳችን ውስጥ አንድም የሚዋደድ ሰው አልነበረም። ኅዳር ገብቶ መስኮቱ እስኪከፈት ነበር የሚጠብቁት።"

"እዚህ እንደዚያ አይደለም" አልኩና ትከሻዋን መታ መታ አደረግኳት።

ኤፍራታ እየሳቀች እንጀራውን ጠቅልላ፣ ሽሮውን አጥቅሳ፣ እጇን ወደ አፌ ዘረጋች። ሦስቱ ልጆች ያዩናል። አፌን ከፈትኩ። ዓይኗን እያየሁ፣ በደንብ አኝኬ ዋጥኩት፤ ከዚያ እኔም ላጎርሳት እጄን ወደ ሰሐኑ ሰደድኩ።